ኤቼቤሪያ፦ የዘር ስም ነው ወይስ የቤት አድራሻ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ባለቤቴ ሜክሲኳዊ ነው። የቤተሰብ ስሙ ኤቼቤሪያ ይባላል፤ አያቶቹ የዱራንጎ ግዛት ሰዎች ናቸው። የምንኖረው ቨርጂኒያ ሲሆን በቅርቡ ወንድ ልጅ እንወልዳለን። ባለቤቴ ‹ስሙ የስፔን መኳንንት ስም ነው› ይላል። እናቱ ደግሞ የቅዱስ ፍራንሲስኮ ኻቢየር ዘመዶች መሆናቸውን ይናገራሉ። የኤቼቤሪያን ዓርማ በእንጨት ቀርጾ የሚሸጥ ሱቅ ኢንተርኔት ላይ አግኝተን ልንገዛ ነው። አንድ ጓደኛው ግን ‹አጻጻፋችሁ የተበላሸ ነው፤ ልጁን በትክክለኛው በባስኩ አስጽፉት› አለን። ስሙ ምን ማለት ነው? ከየት መጣ? ብዙ ሰው ይጠራበታል? ለልጁስ እንዴት እናስጽፈው?»

ዓርማውን አይግዙ። ምክንያቱን ቆይቼ እነግርዎታለሁ። መጀመሪያ ስሙን እንፍታው።

ኤቼቤሪያ የስፔንኛ ቃል አይደለም። የባስክ ነው። ባስኮች የሚኖሩት በስፔን ሰሜንና በፈረንሳይ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ነው፤ የፒሬኒስ ተራሮች ወደ ውቅያኖሱ በሚወርዱበት ጥግ። ቋንቋቸውን ኤውስካራ ይሉታል። ከስፔንኛም ከፈረንሳይኛም ጋር አይዛመድም። ዛሬ ከሚነገር ከየትኛውም ቋንቋ ጋር ዝምድናው የተረጋገጠ አይደለም።

ስሙ ሦስት ቁራጭ ነው። «ኤቼ» ቤት ነው። «ቤሪ» አዲስ ነው። መጨረሻ ላይ የተለጠፈችው «አ» ደግሞ እኛ «ቤቱ» ስንል «ኡ» የምትሠራውን ሥራ ትሠራለች። ሲገጣጠም «አዲሱ ቤት» ማለት ነው። በባስክ ቅጽሉ ከስሙ ኋላ ስለሚመጣ፣ ቃል በቃል ካሉት «ቤት አዲሱ» ይሆናል። ይኸው ነው። ከጀርባው ጀግና የለም፣ ጦርነት የለም፣ ንጉሥም የለም።

ጥያቄው አንድ ሰው እንዴት «አዲሱ ቤት» ተብሎ ይጠራል ነው። እኛ አገር ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። ባስክ ገጠር ውስጥ ግን ሰው የሚታወቀው በሚኖርበት ቤት ነበር። እያንዳንዱ የገበሬ ቤት የራሱ ስም አለው። ቤቱ ከነመሬቱ፣ ከነመቃብሩና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካለው ቦታው ጋር አንድ አካል ተደርጎ ይታይ ነበር። ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ቤቱ ግን ይቆያል። ስለዚህ ስሙ የቤቱ እንጂ የሰውየው አልነበረም። አማርኛችን «ቤተሰብ» የሚለውን ቃል ሲሠራ ቤትን ከሰው አስቀድሟል። ባስኮች ደግሞ ይህንን በተግባር ኖሩት።

ውርሱም እንዲሁ ነበር። በብዙው የባስክ ገጠር ቤትና መሬት ለልጆች አይከፋፈልም። አንድ ወራሽ ይመረጣል፤ ሴትም ልትሆን ትችላለች። ወራሿ ሴት ከሆነች ባልየው ወደ እሷ ቤት ይገባል። በተለይ በፈረንሳይ በኩል ባለው ወገን፣ እንዲህ የገባ ባል በሚስቱ ቤት ስም መጠራቱ የተለመደ ነበር። የቀሩት ልጆች ድርሻቸውን በገንዘብ ወይም በዕቃ ይቀበሉና ይወጣሉ። ቄስ ይሆናሉ፣ መርከብ ላይ ይቀጠራሉ፣ ወይም አሜሪካ ይሻገራሉ። የባለቤትዎ ስም ሜክሲኮ የደረሰበት አንዱ ምክንያትም ይኸው የውርስ ሥርዓት ነው።

የባስክ የቤተሰብ ስሞች አብዛኞቹ እንዲህ የቦታ ስም ናቸው። የእንግሊዝን ኳስ የሚከታተል ወንድም ካለዎት ስሞቹን ያውቃቸዋል፤ ትርጉማቸውን አያውቅ ይሆናል እንጂ። አርቴታ «አርቴ» የሚባለው የኦክ ዓይነት ዛፍ ያለበት ስፍራ ነው። ሱቢሜንዲ «ድልድይ» እና «ተራራ» ነው። አሪሳባላጋ ሰፊ ድንጋይ ያለበት ቦታ ነው። በአውሮፓ ዋንጫ የ2024 ፍጻሜ ስፔንን በ86ኛው ደቂቃ ባለድል ያደረገው ኦያርሳባል «ሰፊ ጫካ» ነው። ለአጼ ገላውዴዎስ በ1555 ደብዳቤ የጻፈላቸው የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች ኢግናጢየስ ዘሎዮላም የተጠራው በተወለደበት ቤት ነው፤ «ሎዮላ» የሚለው ስም ሲፈታ ጭቃማ ስፍራ ማለት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከእነዚህ ሁሉ ስሞች ግን እንደ ኤቼቤሪያ የተባዛ ጥቂት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ቤተሰብ ሲሰፋ ወይም አሮጌው ቤት ሲቃጠል ሌላ ይሠራል። ጎረቤት አዲሱን ቤት ምን ብሎ ይጠራዋል? «አዲሱ ቤት» ይለዋል። ይህ በአንድ መንደር ሳይሆን በመቶዎች መንደር ሆነ። ስሙ አንዴ ከተጣበቀ በኋላ አይለቅም። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ቤቱ ከመንደሩ ሁሉ ያረጀ ሆኖም «አዲሱ ቤት» እንደተባለ ነው። በየከተማችን «አዲስ ሰፈር» የሚባል አሮጌ ሰፈር እንደማይጠፋው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትልቁ ስህተት ይመጣል። ስሙ በመቶዎች ቦታ ለየብቻው ስለተወለደ፣ ሁለት ኤቼቤሪያዎች ዘመዳሞች ናቸው ለማለት ስሙ ብቻውን ምንም ማስረጃ አይሆንም። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት የታወቁ የባስክ ጸሐፊዎች ነበሩ፤ ሁለቱም ዮአነስ ኤቼቤሪ። አንዱ የሲቡሩ መንደር ቄስ፣ ሌላው የሳራ መንደር ሐኪም። ሁለቱም መንደሮች እዚያው ላፑርዲ በሚባል አንድ አውራጃ ውስጥ ናቸው። እስከ ዛሬ የሚለዩት «የሲቡሩው» እና «የሳራው» እየተባሉ ነው። አንድ አውራጃ ውስጥ ይህ ከሆነ፣ ሜክሲኮና አርጀንቲና ላይ ያለውን እርስዎ ያስቡት።

የስሙ መልኮች ደግሞ ብዙ ናቸው። ቢስካያ በሚባለው በምዕራቡ የባስክ አውራጃ ቀበሌኛ «አዲስ» የሚባለው «ቤሪ» ሳይሆን «ባሪ» ነው። ስለዚህ እዚያ ስሙ ኤቼባሪያ ይሆናል። ኤቻባሪያ፣ የፊቷ ፊደል ተበልታ ቻባሪያ፣ ከዚያም አጥሮ ቻባሪ የሚባሉት ሁሉ የዚሁ ስም ልጆች ናቸው። በፈረንሳይ በኩል መጨረሻዋ «አ» ትወድቅና ኤቼቬሪ ይባላል። በኮሎምቢያ፣ በተለይ ሜዴሊን ባለችበት በአንቲዮኪያ፣ ኤቻባሪያና ኤቼቤሪ የሚባሉ ቤተሰቦች የታወቁ ናቸው። እርስዎ ባሉበት አካባቢ የቆዩ ሐበሾች ደግሞ ማርኮ ኤቼቬሪን ያስታውሱት ይሆናል። የዲሲ ዩናይትድ ኮከብ የነበረው፣ «ኤል ዲያብሎ» የሚባለው ቦሊቪያዊ። በ1994ቱ የዓለም ዋንጫ መክፈቻ ተቀይሮ በገባ በደቂቃዎች ውስጥ ቀይ ካርድ ያየው እሱ ነው። ስሙ በፈረንሳዩ ወገን አጻጻፍ ነው የሚጻፈው። ሜክሲኮን ከ1970 እስከ 1976 በፕሬዚዳንትነት የመሩት ሉዊስ ኤቼቤሪያ ደግሞ ልክ እንደ ባለቤትዎ ነበር የሚጽፉት። ዝምድና አለን የሚል ሰው ከመጣ ግን ማስረጃ ይጠይቁት።

«ብዙ ሰው አለው?» ላሉት፣ አዎ። በባስክ ቋንቋ ከተሠሩት የቤተሰብ ስሞች መካከል ከቀዳሚዎቹ ነው፤ በተለይ በስፔን በኩል ባሉት በጊፑስኮዋና በናቫራ አውራጃዎች። ነገር ግን ዛሬ ባስክ አገር ውስጥ በብዛት አንደኛ የሆኑት ስሞች የባስክ ስሞች እንዳይመስሉዎት። ጋርሲያ፣ ጎንሳሌስና ፈርናንዴስ ይበልጣሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የቢልባኦ የብረት ማዕድንና ፋብሪካ፣ በኋላም የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ኢንዱስትሪ ከሌላው ስፔን ብዙ ሠራተኛ ስቧል። (የሚገርመው፣ ጋርሲያ ራሱ ሥሩ ባስክ ነው የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። ያ ሌላ ጭቅጭቅ ነው፤ ዛሬ አልገባበትም።)

ወደ አማትዎ ጉዳይ ልምጣ። እሳቸው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ግማሹ እውነት ነው። «ኻቢየር» የሚለው ስም በእርግጥ ከ«ኤቼቤሪ» የመጣ ነው። ናቫራ ውስጥ «አዲስ ቤት» የሚባል ቦታ ነበር። የፊቷ «ኤ» ተበላች። በአካባቢው የሚነገረው የላቲን ልጅ ቋንቋ ደግሞ «ቤ»ን ወደ «ቢየ» ጎተታት፤ ላቲኑን «ቴራ» ስፔንኛ «ቲየራ» እንዳደረገው። ሻቢየር የሆነው በዚህ መንገድ ነው፤ በኋላ የስፔንኛው ድምፅ ሲለወጥ ኻቢየር ተባለ። ስለዚህ ኻቢየርና ኤቼቤሪያ በቃልነታቸው ወንድማማች ናቸው።

በደም ግን ሌላ ነው። ፍራንሲስኮ በ1506 የተወለደው በኻቢየር ግንብ ነው። አባቱ ዮሐንስ ዴ ኻሶ የናቫራ ንጉሥ ሹም ነበሩ። ግንቡ የመጣው በእናቱ በማሪያ ዴ አስፒሊኩዌታ በኩል ነው። አሁን ልጆቹን ይመልከቱ። አንደኛው ወንድም ሚጌል ዴ ኻቢየር ተባለ። ሌላው ኹዋን ዴ አስፒሊኩዌታ። አባታቸው ኻሶ! በአንድ ቤት ያደጉ ወንድማማቾች በተለያየ ስም ይጠሩ ነበር፤ እንደሚወርሱት ወይም እንደሚወክሉት ቤት። ቅዱሱም ኻቢየር የተባለው በአባቱ ሳይሆን በተወለደበት ግንብ ነው። ደግሞስ ካህን ነበር። በ1552 ቻይና ደጃፍ ላይ በአንዲት ደሴት ሲሞት ልጅ አልተወም። ከእሱ የሚወርድ ዘር የለም፤ ከወንድሞቹ ለመውረድም ስም ሳይሆን መዝገብ ያስፈልጋል። አማትዎን በዚህ እንዳያስቀይሙ። «የስማችሁ ትርጉም ከቅዱሱ ስም ትርጉም ጋር አንድ ነው» ቢሏቸው እውነትም ነው፣ ደስም ይላቸዋል።

የመኳንንቱ ነገርስ? እዚህም ግማሽ እውነት አለ፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከውሸት ይልቅ ያስቸግራል። የቢስካያ ሕግ በ1526 እንደገና ሲጻፍ የቢስካያ ተወላጅ ሁሉ «ኢዳልጎ» ነው የሚል ደንብ ይዟል። በጊፑስኮዋም ተመሳሳይ መብት ነበር። ኢዳልጎ ማለት ከታችኛው የመኳንንት እርከን ሆኖ ከአንዳንድ ግብር ነፃ የሆነና በፍርድ ቤት ከበድ ያለ ክብር ያለው ሰው ነው። እንግዲህ ገበሬውም፣ ዓሣ አጥማጁም፣ አንጥረኛውም ኢዳልጎ ነበር። ወደ ሌላው የስፔን ግዛት የሄደ ባስክ ይህንን መብት ለማስከበር «እኔ ከእገሌ ቤት ነኝ» ብሎ ምስክር ይቆጥር ነበር። ቤቱን የሚጠቅሰው ለጉራ ብቻ አልነበረም፤ ግብር እንዳይከፍል ነው! ስለዚህ ባለቤትዎ «መኳንንት ነበርን» ሲሉ፣ መልሱ «ሰፈሩ ሁሉ ነበር» ነው።

ዓርማውን የከለከልኩዎትም ለዚህ ነው። ዓርማ ለቤተሰብ ስም አይሰጥም። ለአንድ የተወሰነ ቤት ወይም ለአንድ የተወሰነ የዘር ሐረግ ነው። ከመቶዎቹ ኤቼቤሪያ ቤቶች አንዱ በሩ ላይ የድንጋይ ዓርማ ቢኖረው፣ ለሌላው ኤቼቤሪያ ምንም አያገባውም። ሱቁ የሚሸጥልዎ የአንዱን ቤት ዓርማ ነው፤ የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ። ግድግዳ ላይ ለጌጥ ከሆነ ጉዳት የለውም። ልጅዎ ግን አድጎ «የእኛ ነው» ብሎ ይናገራል፤ ያኔ ያስተማሩት እርስዎ ይሆናሉ።

ዱራንጎ የሚለውን ሳነብ ፈገግ ብያለሁ። ሜክሲኮ ውስጥ ያለው ዱራንጎ የተሰየመው በቢስካያዋ ዱራንጎ ከተማ ነው። በ1563 የቆረቆራት ፍራንሲስኮ ዴ ኢባራ ኤይባር የምትባል የባስክ ከተማ ሰው ነበር፤ «ኢባራ» ራሱ «ሸለቆው» ማለት ነው። ግዛቱንም ኑዌባ ቢስካያ፣ አዲሲቱ ቢስካያ ብለውታል። ባስኮች በማዕድኑም፣ በንግዱም፣ በሹመቱም ነበሩበት። ስለዚህ የባለቤትዎ ስም እዚያ መገኘቱ አያስገርምም። ይህ ማለት ግን ቅድመ አያቱ ከኢባራ ጋር ፈረስ ላይ ነበሩ ማለት አይደለም። በስፔን አሜሪካ ስም በብዙ መንገድ ይተላለፍ ነበር። ሲጠመቅ የክርስትና አባቱን ወይም የባለርስቱን ስም የያዘ ነባር ተወላጅና ባሪያ አለ። የአያቱን ስም ከአባቱ አስበልጦ የመረጠም አለ። ሁለት የቤተሰብ ስም በቋሚነት መያዝ የረጋው በኋላ ነው። ባለቤትዎ የዘር (ዲኤንኤ) ምርመራ አድርገው ትንሽ ባስክ ብቻ ቢወጣ ስሙን «የውሸት» አያደርገውም፤ ብዙ ቢወጣም ከየትኛው ቤት እንደመጡ አይነግራቸውም።

ከየትኛው ቤት እንደመጡ የሚናገረው መዝገብ ብቻ ነው። አጀማመሩ ደግሞ ከስፔን አይደለም፤ ከሜክሲኮ ነው። ሰው ሁሉ ዘሎ ባስክ አገር መንደር ፍለጋ ይገባል፤ ያ ጊዜ ማባከን ነው። ከባለቤትዎ አያት የልደት መዝገብ ይጀምሩ። የሜክሲኮ የሲቪል ምዝገባ በ1859 ሕግ የተጀመረ ሲሆን፣ የልደት መዝገቡ ብዙ ጊዜ የአያቶችን ስም ጭምር ይዘረዝራል። አንድ ወረቀት ሁለት ትውልድ ይሰጥዎታል። ከዚያ በፊት ያለውን የደብር የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ይይዘዋል። አብዛኛው ፋሚሊ ሰርች በሚባለው የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። መዝገቡ ውስጥ ሁለት ቃላት ይፈልጉ፦ «ናቱራል ዴ» ካለ የተወለደበት ነው፤ «ቤሲኖ ዴ» ካለ የሚኖርበት ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን አደባልቆ የማይመለከተውን መንደር ዘመድ ያደርጋል። ከስፔን የመጣውን የመጀመሪያውን ሰውና የትውልድ መንደሩን ካገኛችሁ ብቻ፣ የባስክ መንግሥት ዶኩክሊክ በሚባለው ገጹ ያስቀመጠውን የደብር መዝገብ ማውጫ ይክፈቱ። ቦታው ናቫራ ከሆነ ማውጫው እዚያ አይደለም፤ የፓምፕሎና ሀገረ ስብከት ቤተ መዛግብትን ነው የሚጠይቁት። መንደሩ ካልተገኘ ደግሞ ፍለጋው እዚያው ይቆማል። ስሙ መቶ ቤት ስለሆነ በግምት አንዱን መምረጥ አይቻልም።

አሁን አጻጻፉ። የባለቤትዎ ጓደኛ «የተበላሸ» ያለው አልተበላሸም። ስፔንኛው «ች»ን በራሱ ሆሄ ይጽፋል፤ ባስኩ ደግሞ በ«ቲ» እና «ኤክስ» ይጽፋል። ስፔንኛው «ቪ» የሚጽፍበት ቦታ ባስኩ «ቢ» ይጽፋል። ስፔንኛ ግን «ቪ»ን የሚያነባት «ቢ» አድርጎ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሲነበቡ አንድ ናቸው፤ ኤቼቤሪያ። የባስኩ ሆሄ ደግሞ ጥንታዊ አይደለም። የቋንቋው አካዳሚ የተቋቋመው በ1919 ነው፤ ወጥ አጻጻፉ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ የመጣ ነው። የባለቤትዎ ቅድመ አያቶች መዝገብ ላይ የሰፈሩት በስፔንኛው ሆሄ ነው። ስፔን ውስጥ ፍራንኮ በ1975 ከሞተ በኋላ ብዙ ባስኮች ስማቸውን ወደ ባስኩ ሆሄ አስቀይረዋል። ለእነሱ ትርጉም ነበረው፤ በአገዛዙ ዘመን ልጅን የባስክ ስም አውጥቶ ማስመዝገብ ክልክል ነበርና። የሜክሲኮ ቤተሰብ ግን ያ ታሪክ የለውም።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው። ልጁን አባቱ ፓስፖርት ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል ያስጽፉት። አባትና ልጅ በተለያየ ሆሄ ከተጻፉ በየአየር ማረፊያውና በየቢሮው ማብራሪያ ሰጪ እናንተ ናችሁ። የሜክሲኮ ዜግነቱን ሲያስመዘግቡ፣ ነገ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ሲያወጡለትም የሚጠየቀው የልደት ወረቀቱ ነው። «አይ» የምትባለው ፊደል ላይ የምትቀመጠዋን ጭረት አንዳንድ የአሜሪካ ቢሮዎች አይቀበሏትም። ከተቀበሉ ያስጽፏት፤ ካልተቀበሉ አይጣሉባት።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር። በሜክሲኮ ልማድ ልጅ የእናቱንም የቤተሰብ ስም ከአባቱ ቀጥሎ ይይዛል። በአሜሪካ ወረቀትዎ ላይ የመጨረሻ ሆኖ የተመዘገበው ስም የአያትዎ ከሆነ፣ እሱ ይገባል ማለት ነው። ለእኛ ሰው ግር ይላል፤ ለልጁ ግን አንድ የእናቱ ወገን ስም ወረቀት ላይ ይቀርለታል። ይህንን ከባለቤትዎ ጋር ከመውለድዎ በፊት ይጨርሱት፤ የሆስፒታሉ ፎርም ሲመጣ ብዙ ጊዜ አይኖራችሁም።

በአማርኛ ሲጽፉት ደግሞ «ኤቼቤሪያ» ይበሉ። «ኤቸቨሪያ» የአሜሪካኖች አነባበብ ነው።